የማይመለሰው ወታደር

ጨዋታ የተባለውን ነገር ሁሉ ለሕፃናት ትተናል፥ እኛ የምንኖረው በቁም ነገር ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አይታጡም። እነዚሁ ሰዎች ግን የቼዝ ገበታ የቀረበላቸው እንደ ሆነ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አቀርቅረው ሲያስቡ እናያቸዋለን። እንግዲህ ጠባቸው በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ከሚታየው ጨዋታ ጋራ ብቻ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። በዚህም ብዙ አንፈርድባቸውም፤ በመስኮቱ ላይ ከሚታየው ውስጥ የሚበዛው ጣትን እያደከመ አእምሮን የሚያስተኛ፥ ተኩስና ጩኸት የሞላበት ነውና። ዛሬ የምንናገርለት ወገን ግን ከዚህ የራቀ ነው። ይኸውም ሰይፍና አስማት ባለበት በተረት ዓለም ውስጥ የሚደረግ፥ ተጫዋቹን እንዲያስብና እንዲጠብቅ የሚያስገድድ የጦር ስልት ጨዋታ ነው። ለብዙ ዓመታት ከሥራ በኋላ በምትተርፈን ሰዓት መዝናኛ አድርገን ስለ ያዝነው፥ ስለ አሮጌዎቹም ሆነ የአሮጌዎቹን መልክ ይዘው በአዲስ ስለሚሠሩት የደረስንበትን አስተያየት ለአንባብያን ብናካፍል አይከፋም ብለን አሰብን።

የጨዋታው ሥርዐት ላላየው ሰው ለማስረዳት አያስቸግርም። ሜዳው፥ ተራራው፥ ወንዙና ምሽጉ ሁሉ እንደ ቼዝ ገበታ እኩል በሆኑ ቤቶች ተከፋፍሎ ይታያል። ለተጫዋቹ ዐሥር ያህል ወታደሮች ይሰጡታል። ፈረሰኛው ብዙ ቤት ያልፋል፤ ጥሩር የለበሰው ጥቂት ቤት ብቻ ይራመዳል፥ ነገር ግን በቀላሉ አይቆስልም፤ ቀስተኛው ከሩቅ ይወጋል፤ አስማተኛው እሳት ይጠራል፤ ካህኑ ቁስለኛውን ይፈውሳል። በጫካ ውስጥ የቆመውን ሰው ለመምታት ያስቸግራል፤ በጠባብ በር ላይ የቆመ አንድ ሰው ዐሥሩን ይመልሳል። የእኛ ወገን ተራውን ከጨረሰ በኋላ ጠላት በተራው ይንቀሳቀሳል። የሚያስቸኩል ሰዓት የለም፤ ተጫዋቹ ተነሥቶ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥቶ ቢመለስ፥ ጠላቱ በነበረበት ቤት ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህን ስንናገር የአገራችን ሰው ፈጽሞ ባዕድ ነገር የሰማ አይመስለውም። ሰንጠረዥ የሚባለው የቀድሞው የኢትዮጵያ ቼዝ፥ ስሙ ራሱ እንደሚመሰክረው ከፋርስና ከዐረብ በኩል የመጣ ሲሆን፥ በመኳንንቱ ቤት ሲጫወቱት የኖሩት ነው። ከአውሮፓው ቼዝ የሚለየውም በተለይ በአጀማመሩ ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ወታደር እስኪበላ ድረስ፥ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንዳደረሳቸው ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ወታደር ሲበላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ተራውን ሳይጠብቅ አይነካም። እኛ ይህን ሥርዐት እጅግ እንወደዋለን። አንድ ሰው እስኪሞት ድረስ ግርግር ነው፤ ከሞተ በኋላ ሕግ ይገባል፥ እያንዳንዱም እርምጃ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ በሰንጠረዥም ሆነ በቼዝ የተበላው ወታደር ስም የለውም። ማንም አያዝንለትም፤ በማግሥቱ ገበታው ሲዘረጋ ተነሥቶ በቦታው ይቆማል።

ለዚህ ስም የለሽ ወታደር ስም ከሰጡት ጨዋታዎች ውስጥ ዋነኛው፥ በ1990 (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢንተለጀንት ሲስተምስ የተባለ የጃፓን ድርጅት ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ የሠራው ፋየር ኤምብሌም ነው፤ በአማርኛ የእሳት ዓርማ ብንለው ይሆናል። ዐሳቡን ያመነጨው ሾዞ ካጋ ነበረ። ታሪኩ አገሩን ያጣ ማርስ የተባለ ልዑል ከስደት ተነሥቶ ርስቱን ሲያስመልስ ያሳያል፤ በዚህ በኩል የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በ25 ምዕራፎች ውስጥ ሃምሳ የሚያህሉ ሰዎች ወደ ልዑሉ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ስም አለው፥ መልክ አለው። ከመጡትም ውስጥ አንዱ በጦር ሜዳ የወደቀ እንደ ሆነ ወድቆ ይቀራል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ስሙ ከዝርዝሩ ጠፍቶ ይገኛል፥ ሊናገረው የነበረው ቃል ካለም ሳይነገር ይቀራል። በመጨረሻው ገደማ ብቻ የልዑሉ እኅት የምትይዘው አንድ በትር አለ። ይህ በትር ሙት ያስነሣል፥ የሚያገለግለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ ዐምስት ሰዎች ቀብሮ እንደ ሆነ ከዐምስቱ አንዱን ይመርጣል። ማንን ይመርጥ? ለሚቀጥለው ጦርነት የሚጠቅመውን ብርቱውን ነውን? ወይስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ልዑሉን ሲከላከል የሞተውን ደካማውን? ጨዋታው ይህን በቃል አይጠይቅም፤ በትሩን ሰጥቶ ዝም ይላል። ይህን የመሰለ ዝምታ በልብ ወለድ መጻሕፍት ውስጥ እንኳ ያገኘነው በጥቂቱ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፥ ሰው ሲሞትበት መሣሪያውን አጥፍቶ ምዕራፉን ከመጀመሪያው የሚጀምረው ተጫዋች ብዙ ነው፥ ታዲያ አይመለስም የምትሉት ሞት የቱ ላይ ነው? ብለው ይሞግቱናል። እንዲህ የሚያደርገው ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ምዕራፉን እንደ ገና መጀመር ዋጋ ነበረው። አንድ ሰዓት ሙሉ የተደከመበት ጦርነት በመጨረሻው ተራ ላይ አንዲት ቀስተኛ የወሰደ እንደ ሆነ፥ ተጫዋቹ ቀስተኛይቱን በአንድ ወገን፥ ሰዓቱን በሌላው ወገን አድርጎ ይመዝናል። ለዚህች ልጅ ስል ሌላ አንድ ሰዓት እከፍላለሁ ያለ ሰው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱን በሌላ ዐይን ያያታል። ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ወደ ፊት የሄደውም የተወውን ያውቃል። በሁለቱም መንገድ ተመዝኖ የተወሰነ ነገር አለ።

በ2010 በወጣው የዚሁ ተከታታይ ጨዋታ ላይ፥ የወደቀው ወታደር ለሚቀጥለው ምዕራፍ ድኖ የሚመለስበት ቀለል ያለ አጨዋወት ተጨመረ፤ የፈለገ ይመርጠዋል። በ2017 ደግሞ ጊዜን ወደ ኋላ የሚያዞር መሣሪያ ገባ፥ በ2019 በወጣው ስሪ ሃውስስ ላይም በሌላ ስም ቀጠለ። ከጧት እስከ ማታ ሲሠራ ውሎ ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት የሚጫወት ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ አንነቅፈውም። ያ አጨዋወት ቀላል ነኝ ብሎ በስሙ ይናገራል፥ የተናገረውንም ይፈጽማል። ሁለተኛውን ግን አንወደውም፤ ሞት አለ እያለ የሞትን ዋጋ ሰርዞታልና። ቀስተኛይቱ ስትወድቅ ተጫዋቹ ጊዜውን ሁለት ተራ ወደ ኋላ አዙሮ በሌላ ቤት ያቆማታል። የሚከፍለው ነገር የለም፥ ስለዚህ የሚመዝነውም ነገር የለም። የማዞሩ ብዛት በቁጥር የተወሰነ ነው የሚሉን አሉ። የተወሰነስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከሚያስፈልገው ተርፎ ይገኛል።

ከሞት ቀጥሎ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ልብ የምንለው ነገር ቁጥር ነው። ወታደሩ ሰይፉን ከመሰንዘሩ በፊት ጨዋታው፥ ይህ ምት ከመቶ 75 ያገኛል ብሎ ያሳያል፤ ተጫዋቹም ይህን አይቶ ይወስናል። መሣሪያው በሥውር ከ0 እስከ 99 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣል፤ የወጣው ዕጣ ከተነገረው ቁጥር ያነሰ ከሆነ ምቱ ያገኛል፥ ካላነሰ ይስታል። የመጀመሪያዎቹ ፋየር ኤምብሌሞች እንዲሁ ያደርጉ ነበር፥ የሚናገሩትም ቁጥር እውነት ነበረ።

በ2002 ጌም ቦይ አድቫንስ ለተባለው የእጅ መሣሪያ ከወጣው ጀምሮ ግን ሠሪዎቹ አንድ ብልሃት አስገቡ፥ በመስኮቱ ላይም አልገለጡትም። መሣሪያው በአንድ ዕጣ ፈንታ ሁለት ያወጣና የሁለቱን አማካይ ይወስዳል። ሒሳብ ለሚያስተምሩ አንባብያን ከዚህ የሚከተለውን መናገር አያስፈልግም፤ ለቀረነው ግን ጥቂት እናብራራው። የሁለት ዕጣዎች አማካይ ወደ መካከል ይሰበሰባል። ስለዚህ ከ50 በላይ የሆነው ሁሉ ከተነገረው ከፍ ይላል፥ ከ50 በታች የሆነውም ከተነገረው ዝቅ ይላል። ከመቶ 75 ተብሎ የተጻፈው በእውነቱ 87.75 ነው፤ 90 የተባለው 98.10 ነው። በአንጻሩ 25 የተባለው 12.75፥ 10 የተባለውም 2.10 ብቻ ነው። የእኛ ወታደሮች ብዙ ጊዜ ከጠላት ይልቅ የሠለጠኑ ስለ ሆኑ፥ ትልቁ ቁጥር ለእኛ፥ ትንሹ ቁጥር ለጠላት ይደርሳል፤ ብልሃቱም በሁለቱ በኩል ለእኛ ያደላል ማለት ነው።

ለምን ይህን እንዳደረጉ መገመት አያስቸግርም። ሰው ከመቶ 90 ሲባል በልቡ የሚሰማው እርግጥ ነው ማለትን ነው። ከዐሥር አንድ ጊዜ ሲስትበት ሒሳቡን ረስቶ ተታለልሁ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ተጻፈ ቀርቶ ዕጣው በስሜቱ ልክ ተሰፋለት። ነገሩ ርኅራኄ አለበት። ይሁን እንጂ ይህ ዐይነት ርኅራኄ ለመሥሪያ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። የበላዩ እንዳይከፋው ተስተካክሎ የሚቀርብ መግለጫ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ የበላዩም በዚያ ተማምኖ ሲወስን ኖሮ፥ አንድ ቀን ያልተስተካከለ መግለጫ ሲደርሰው የሚቈጣው ባመጣው ሰው ላይ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ያደገ ተጫዋችም ቁጥሩን እንደ ሆነው የሚናገር ሌላ ጨዋታ ሲይዝ፥ ከመቶ 85 ተብሎ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሲስትበት፥ ይህ ጨዋታ አጭበርባሪ ነው ብሎ ይጮኻል። ይህን ክስ ከስንት ወጣቶች አፍ ሰማነው! እውነቱን የተናገረው ተከሰሰ፥ ያባበለው ተመሰገነ። ትንሽ ነገር ነው ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ዕድልን መመዘን ለሚማር ልጅ ትንሽ አይመስለንም።

ከዕጣ ጣጣ ከሞላ ጐደል የወጣ አንድ ጨዋታ አለ። በ2018 ሰብሴት ጌምስ ያወጣው ኢንቱ ዘ ብሪች ነው። በባለ ሰይፍ ፈንታ ትላልቅ የብረት ሰዎችና ግዙፍ ነፍሳት ስለሚዋጉበት ከተረት ዓለም ጥቂት ይወጣል፤ ነገር ግን ገበታው እንደ ቼዝ 8 በ8 ነው፥ ሥዕሉም በአሮጌው መልክ የተሠራ ነው። ጠላት ሁሉ በሚቀጥለው ተራ የትኛውን ቤት እንደሚመታ አስቀድሞ ያሳያል፤ የእኛም ምት አይስትም። ሦስት ወታደሮች ብቻ ይዘን፥ ጠላትን ከመግደል ይልቅ አንድ ቤት ገፍተነው የገዛ ጓደኛውን እንዲመታ ማድረግ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ተራን ወደ ኋላ መመለስም ይፈቀዳል፥ ግን በአንድ ጦርነት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ያን የልዑሉን እኅት በትር ያስታውሰናል። ከሚያሳዩት ብዙ ጌጥ ካላቸው አያሌ ጨዋታዎች ይህን ትንሹን እናስበልጣለን።

ተጫዋቹ ለውሳኔው የሚጠየቀው ግን በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። በ1995 ኩዌስት የተባለው የጃፓን ድርጅት በያሱሚ ማትሱኖ መሪነት ታክቲክስ ኦውገር የተባለውን ለሱፐር ፋሚኮም አወጣ። በዚያን ጊዜ ዩጎዝላቪያ በእርስ በርስ ጦርነት ትፈርስ ነበረ፥ የዚያም ጦርነት ጥላ በጨዋታው ላይ አርፎበታል። ቫሌሪያ በምትባል የደሴቶች አገር ዋሊስተር፥ ጋልጋስታንና ባክራም የተባሉ ሦስት ሕዝቦች ይዋጋሉ። ወጣቱ ዴናምና ጓደኛው ቫይስ ለተጨቆነው ለዋሊስተር ወገን ቆመዋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ባልማሙሳ ወደምትባል ከተማ ይላካሉ፤ በዚያ ያሉትን ወገኖቻቸውን ለዐመፅ እንዲያስነሡ ነው። ሕዝቡ ጦርነት ሰልችቶታልና እንቢ ይላል። ያን ጊዜ ከመስፍኑ ዘንድ ትእዛዝ የያዘ አንድ የጦር ባለሟል ይመጣል። ትእዛዙ የከተማውን ሰው ሁሉ ፍጁ፥ ወንጀሉንም በጋልጋስታን ላይ ለጥፉ የሚል ነው፤ ይህን የሰማው የቀረው ዋሊስተር በቍጣ አንድ ሆኖ ይነሣልና።

ለተጫዋቹ እሺ ወይም እምቢ ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልተሰጠውም። እሺ ያለ የገዛ ወገኑን ፈጅቶ የጀግና ስም ያገኛል። እምቢ ያለውም ንጹሕ ሆኖ አይቀርም፤ ጭፍጨፋው ያለ እርሱ ይፈጸምና ወንጀሉ በእርሱ ስም ይነገራል። ቫይስ ደግሞ ሁልጊዜ በተቃራኒው ይቆማል፤ ዴናም እሺ ካለ እርሱ ይህ ነውር ነው ብሎ ይለየዋል፥ ዴናም እምቢ ካለ እርሱ እሺ ይላል። እንግዲህ አንዱ ደግ፥ ሌላው ክፉ ሆኖ ተወለደ ማለት አንችልም፤ አንዱ የቆመበትን ቦታ ሌላው ስለ ያዘበት ብቻ በወዲያኛው ቆመ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ ጨዋታዎች ለደግ ሥራ ነጥብ ይሰጣሉ፥ ለክፉ ሥራ ነጥብ ይቀንሳሉ፤ ተጫዋቹም እንደ ደመወዝ ጭማሪ ነጥቡን እያየ ደግ ይሆናል። በባልማሙሳ እንዲህ ያለ ነጥብ የለም። በሕዝብ መካከል የሚነሣ ቍጣ አንዳንድ ጊዜ በአዳራሽ ውስጥ ታስቦ እንደሚሠራ፥ በዚህ ግልጽነት የሚያሳይ ታሪክ ለመዝናኛ ተብሎ በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ እናገኛለን ብለን አልጠበቅንም ነበር።

ማትሱኖ ወደ ስኩዌር ድርጅት ተሻግሮ በ1997 ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ይበልጥ ታዋቂ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች የተዋጉትን የጽጌረዳ ጦርነት አብነት አድርጎ፥ ኢቫሊስ በምትባል መንግሥት ሁለት መሳፍንት ስለ ዙፋን ሲጣሉ ያሳያል። ራምዛ የተባለው የመኳንንት ልጅ እውነትን ተከትሎ መናፍቅ ተብሎ ይወገዛል፤ ከዝቅተኛ ቤት የተወለደው ጓደኛው ዴሊታ በተንኰል ወጥቶ ይነግሣል። ይህን ሁሉ የሚተርክልን በኋላ ዘመን የኖረ አንድ የታሪክ ጸሓፊ ነው። የራምዛን እውነት በጽሑፍ ያኖረው ሰው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ተገድሎ፥ ጽሑፉም ለብዙ መቶ ዓመታት ተደብቆ ነበረ። ስለዚህ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ጦርነት የሚያሸንፈው፥ ስሙ ከመዝገብ እንደሚጠፋ አስቀድሞ በተነገረው ሰው እጅ ነው። በዚህም ጨዋታ የወደቀ ሰው በራሱ ላይ ቁጥር ይታያል፤ ከሦስት ጀምሮ ተራው በደረሰ ቁጥር ይቀንሳል፥ ባዶ ከመሆኑ በፊት ካልደረሱለት ለዘለዓለም ይጠፋል። ጓደኛን ለማዳን ሰልፍ መበተን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ይህ ቁጥር ብቻውን ያመጣዋል።

ይሁን እንጂ የወደድነውን ሁሉ ነቀፋ የሌለበት አድርገን አናቀርብም። በታክቲክስ ውስጥ ወታደር የሚሠለጥነው በሠራው ሥራ ብዛት ስለ ሆነ፥ ተንኰለኛ ተጫዋች አንድ ደካማ ጠላት አስቀርቶ ለሰዓታት የገዛ ጓደኞቹን በድንጋይ ሲወግር ይውላል፤ ወጋሪውም በዚህ ጥበብን ይጨምራል! እንዲህ ያለውን ሥልጠና በየትኛውም የጦር ትምህርት ቤት አልሰማንም። በመጨረሻው ገደማ ደግሞ ኦርላንዱ የተባለ ሽማግሌ የጦር መኰንን ከእኛ ጋራ ይሰለፋል፤ እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ ከእርሱ መምጣት በኋላ ስልት ማሰብ አያስፈልግም፥ ሽማግሌውን ወደ ፊት መላክ ይበቃል።

አሁን ስለ መልክ ጥቂት እንናገር። በዛሬ ጊዜ የአሮጌ መልክ ተብሎ የሚሸጠው ሥዕል ጥርት ባሉ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተደረደረ ነው። ነገር ግን በ1990 በቤቱ ቴሌቪዥን የሚጫወት ልጅ እነዚያን አራት ማዕዘኖች እንዲህ ጥርት ብለው አላያቸውም። የዱሮው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን ቀለሙን ከጎረቤቱ ቀለም ጋራ ያዋሕደው ነበርና፥ ሠዓሊዎቹም ይህን ዐውቀው ሁለት ቀለም እያፈራረቁ ሦስተኛ ቀለም እንዲታይ ያደርጉ ነበር። እንግዲህ ዛሬ አሮጌ ተብሎ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ አሮጌው ራሱ ያልነበረውን መልክ ነው።

የዱሮዎቹ ሠሪዎች የቀለምና የቦታ ችግር ወድደው ያመጡት አልነበረም። ፋሚኮም በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሳቸው ትናንሽ ሥዕሎች 64 ነበሩ፤ ከእነዚህም በአንድ አግድም መሥመር ላይ ከ8 በላይ የተሰለፉ እንደ ሆነ የተረፉት አይታዩም፥ ስለዚህ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። በ1981 በዶንኪ ኮንግ የታየው ማሪዮ ባርኔጣ የደፋው ጠጕሩን መሣል ስላስቸገረ፥ ሪዝ ያበቀለውም አፍንጫው ተለይቶ እንዲታይ ብለው ነው። ችግሩ መልክ ወለደ። በ2014 የወጣውን ሸቨል ናይት የሠሩት ሰዎች፥ የፋሚኮምን መልክ ሲይዙ ብልጭ ድርግሙን ሆን ብለው እንደ ተዉት በግልጽ ተናግረዋል፤ ምን እንደ ጠበቁና ምን እንደ ጣሉ ስለሚያውቁ እናከብራቸዋለን። የማናከብራቸው፥ አራት ማዕዘኑን ብቻ ቀድተው፥ ከሥሩ ያለውን ጨዋታ በየደቂቃው ሽልማት በሚያዘንብ በአዲሱ ልማድ የሚሞሉትን ነው። ሞት በሌለበት፥ ቁጥሩ በሚያባብልበት፥ ስሕተት በማይከፈልበት ጨዋታ ላይ የ1990ን ልብስ ማልበስ፥ በአዲስ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ አሮጌ ጋሻ እንደ መስቀል ነው፤ ያምራል፥ ማንንም ግን አይከልልም።

ከአዲሶቹ ውስጥ ልብሱንም ሰውነቱንም የያዘ አንድ ብንጠራ፥ በ2022 ስኩዌር ኤኒክስ ያወጣው ትሪያንግል ስትራቴጂ ነው። ሦስት መንግሥታት በጨውና በብረት ምክንያት ይጣላሉ፤ አሞሌ ጨው ለገንዘብ ሲያገለግል በኖረበት አገር ለተወለደ ሰው ይህ ምክንያት ከብዙ ዘንዶና ከብዙ አስማት ይልቅ የሚታመን ነው። ዋናው ብልሃቱ ግን ሌላ ነው። ትልቅ ውሳኔ በመጣ ጊዜ መስፍኑ ሴሬኖዋ ብቻውን አይወስንም፤ ባልንጀሮቹ በሚዛን ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። ተጫዋቹ አስቀድሞ እየዞረ ያነጋግራቸዋል፥ ወሬ አጠያይቆ ማስረጃ ያቀርብላቸዋል፥ ሊያግባባቸውም ይሞክራል፤ ሊያዛቸው ግን አይችልም። ካላሳመናቸው ያልወደደውን መንገድ ይሄዳል። በስብሰባ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ሳይሥቅ አይቀርም። ጉድለቱ ወሬ ማብዛቱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰይፍ ከመመዘዝ ይልቅ መልእክተኛ ሲገባና ሲወጣ ማየት ይበዛል።

አሮጌዎቹን ለማግኘት ለሚፈልግ አንባቢ ግን መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። የ1990ው ፋየር ኤምብሌም በእንግሊዝኛ በሕጋዊ መንገድ የወጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በ2020 ነው፤ ይህም የተሸጠው እስከ መጋቢት 2021 መጨረሻ ድረስ ብቻ ሆኖ ከገበያ ተነሣ። በእርሱም ላይ ጊዜን ወደ ኋላ መመለሻ ጨምረውበታል። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ በ2025 እንደ ገና ሲወጣ ደግሞ፥ የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ሳይጠበቅ ቀርቶ ጠፍቶ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ ለሕዝብ ተሽጦ የነበረውን ጨዋታ እየተጫወቱና እየመረመሩ ሥራውን እንደ አዲስ ማዋቀር ግድ ሆነባቸው። እውነተኛው ጽሑፍ ጠፍቶ በኋላ ዘመን ሰው ስለሚፈልገው ታሪክ የሚናገረው ጨዋታ፥ የገዛ ጽሑፉ እንዲህ ጠፋ። ከአዲሱ ጋራ በአንድነት የዱሮውን መልክና አጨዋወት የያዘ ሌላ ክፍል አብረው አቅርበዋል፤ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀን ይህን የዱሮውን ክፍል እንዲይዝ እንነግረዋለን፥ ኦርላንዱንም ከሰልፉ ውጭ እንዲያስቀምጠው።